ማማሰያውን የያዘች ትናገር

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ወጣቱ ዳይሬክተራችን ቢሮው ጠራኝ። ሻይ አስቀረበልኝና በሆስቴሉ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ የእንጨት ማማሰያ ምን ብናደርገው ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ያሰበው በመስታወት ሳጥን ከቶ ከሥሩ ስሜን ሊያስጽፍበት ነው።

«ወጥ ቤት ይመለስ» አልኩት። «ፖሾ ይማሰልበት።»

«ጃጃ፣ ይሄ እኮ ታሪክ ነው።»

«ታሪክ መሆኑን ካወቅህ ስብሰባውን ለምን ዘጋኸው?»

ሳቀ። ጃጃ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው፤ ግቢው በሙሉ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። ተማሪው በዝቶበት፣ አስተማሪ አንሶት ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ «የዜግነት ክህሎት» የሚባለውን ትምህርት ተማሪዎች በስልካቸው ይወስዱታል። ጥያቄ ይመጣል፣ ትክክለኛውን መልስ በጣት ይነካሉ፣ ያልፋሉ። የልጅ ልጄ ሄለን አሳይታኝ እኔም ሞከርኩት። «በስብሰባ ላይ የሌላውን ሐሳብ ማዳመጥ ተገቢ ነው?» ይላል። አዎ የሚለውን ነካሁ፤ አለፍኩ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ፣ እኔና አለቃዬ ናሎንጎ ያን ሁሉ ዘመን ስንለፋ የኖርነው በምን ነበር?

ይህን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሄለን ፊደሌን ታርምልኛለች፤ ሐሳቤን ግን እንዳትነካው አስጠንቅቄያታለሁ።

ካምፓላ የገባሁት አንዲት ልጄን ይዤ ነው። ከአገሬ ለምን እንደወጣሁ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ጀሪካን የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። ከማሽኑ ትኩሱን የወጣ ጀሪካን ጠርዙን በቢላ እናስተካክላለን። ፎርማኑ ሌሎቹን ሴቶች ማሽኑ አጠገብ ያቆማቸዋል፤ እኔን ደጃፉ ላይ፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ያስቀምጠኛል።

«አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ሙቀቱን አትችይውም» ይለኛል።

«ሙቀቱን ማንም አይችለውም። ተራ እንግባ» አልኩት።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«ለእኔ ከሆነ እኔ አልፈልገውም።»

ወር ሳይሞላ ተባረርኩ። ልጄ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች፤ «እማዬ፣ ሰው በጥላ ተጣልቶ ከሥራ ይወጣል?» ብላኛለች። ይወጣል።

ከዚያ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ሆስቴል ወጥ ቤት ገባሁ። ፖሾ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ምግብ ነው። ገንፎ ይመስላል እንጂ ገንፎ አይደለም፤ በቢላ እስኪቆረጥ ድረስ መጠንከር አለበት። ለአንድ ሙሉ ሆስቴል የሚሆን ፖሾ በክንድ ብቻ አይማሰልም። እግርን ከፍቶ፣ ቁመትን የሚያህል ማማሰያ በሁለት እጅ ይዞ፣ ከወገብ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ላይ ሁሉ እጄ ያማስል ነበር።

የዚያን ጊዜው የሆስቴል ኃላፊ አንድ ሰውዬ ነበሩ። ሁሉን ነገር በማስታወቂያ ይከለክላሉ፤ ማስታወቂያ መቅደድን የሚከለክል ማስታወቂያም ነበራቸው። እሳቸው ሄደው ናሎንጎ መጣች። ናሎንጎ መንታ የወለደች ሴት የምትጠራበት የክብር ስም ነው፤ በሌላ ስም ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ሆስቴሉንም ታስተዳድራለች፣ የዜግነት ክህሎት የሚባለውንም ትምህርት ታስተምራለች።

የተዋወቅነው በምሳ ሰልፍ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ሰልፉን ጥሳ ከፊት ቆመችና ጨምሪልኝ አለችኝ።

«ጨምሬ የምሰጠው ለማን ነው?»

«የሆስቴሉ ተማሪዎች ሊቀመንበር ነኝ!»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ሰልፉ ከኋላ ነው።»

ከሰልፉ መሀል አንዲት ረጅም ሴት በሳቅ ተንፈቀፈቀች። ተራዋ ሲደርስ ሳህኗን ዘርግታ፣ «እኔ ኃላፊሽ ነኝ፤ ለእኔስ ትጨምሪያለሽ?» አለችኝ። «ከተረፈ ለሁሉም እጨምራለሁ» አልኳት። ያን ቀን አልተረፈም። በማግስቱ ሜትረን ሆነሽ ሕንፃውን ጠብቂልኝ፣ ትምህርቱንም አብረን እናስተምራለን አለችኝ። አልተማርኩም ስላት፣ «የሚጻፈውን እኔ እጽፈዋለሁ» ብቻ አለች።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ትምህርቱ በክፍል ውስጥ ጥቂት ነው፤ ዋናው ሆስቴሉን ራሳቸው ማስተዳደር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስብሰባ አለ። ማን ውሃ ይቀዳል፣ ማን ኮሪደር ይጠርጋል፣ የሙዚቃ ድምፅ መቼ ይቀነሳል፣ ሁሉም እዚያ ይወሰናል። ወንበሮቹን ቀድማን መጥታ በእጇ ታስተካክላለች፤ ኋለኛ ረድፍ እንዳይኖር ክብ ታደርጋቸዋለች። የስብሰባ ቀን ትከሻው የቆመውን ጎመሲ ቀሚሷን ትለብሳለች። ጭኗ ላይ ለውዝ አስቀምጣ ትፈለፍላለች፤ ተናጋሪዋን አታያትም። «ካየኋት ለእኔ ትናገራለች፤ መናገር ያለባት ለእነሱ ነው» ትለኝ ነበር።

ሁለት ሕጎች ነበሯት። አንደኛው፣ ሌላዋን ለመቃወም የምትፈልግ መጀመሪያ ያቺ ያለችውን ትደግማለች። ባለቤቷ «አዎ፣ እሱ ነው» እስክትል ድረስ የራሷን መናገር አትችልም። ቀላል ይመስላል። አንዳንዷ አራት ጊዜ ደግማ አራት ጊዜ «አይደለም» ትባላለች። አልቅሳ የወጣች አለች። ሁለተኛው የተሸናፊ ሕግ ነው፤ በድምፅ የተሸነፈች ውሳኔውን ለሁሉም የምታነበው እሷ ናት።

እኔና ናሎንጎ ነዋሪዎች ስላልሆንን ድምፅም ንግግርም አልነበረንም። የተፈቀደላት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አጋምብዬ ኪ?» ምን አለች? ማለት ነው። ነገር ሲጋጋል፣ ለውዟን እየፈለፈለች፣ «አጋምብዬ ኪ?» ስትል አዳራሹ ጸጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ማንም የሚመልስ የለም፤ ሁሉም የራሷን ስታዘጋጅ ነበራ።

ማማሰያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ንግግር ያስረዝማሉ። በማይክ ሞከርን፤ ማይክ የያዘች አትለቅም። አንድ ቀን ከወጥ ቤት ትልቁን ማማሰያ ይዤ ገባሁና «በሁለት እጇ አንስታ የያዘች ትናገር፤ የደከማት ትቀመጥ» አልኩ። ናሎንጎ አንስታ መዘነችውና፣ «ከሦስት ደቂቃ በላይ ማንም አይችለውም» አለች። ከዚያ ወዲያ ንግግር አጠረ።

ወደ ውጭም እንልካቸው ነበር። አንድ ጊዜ የኮረብታው ውሃ ጠፍቶ ሦስት ተማሪዎች ናካሴሮ ወዳለው የውሃ ቢሮ ተላኩ። ሕጉ ዘመድ መጥራት አይቻልም፣ የምትናገረውም ከሦስቱ ዓይናፋሯ ናት። አንደኛዋ መንገድ ላይ ለአጎቷ ደወለች። በማግስቱ ውሃው ወደ ሆስቴላችን መጣ፤ የትምህርቱ ማርክ ግን አልመጣም።

«ናሎንጎ፣ ውሃ እኮ እየወረደ ነው!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

«ከእኛ በታች ባሉት ቤቶችስ?»

ልጅቷ ወርዳ አየች። እዚያ ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው እንደቆሙ ነበሩ። ስትመለስ ስለ ማርኩ አላነሳችም።

አሁን ወደ አከሎ ልምጣ። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍ ዋጋ የለውም።

አከሎ ከሰሜን የመጣች፣ ሕግ የምታጠና ልጅ ነበረች። የሰው ሐሳብ በመድገም የሚስተካከላት አልነበረም፤ ከባለቤቷ አሳምራ ነበር የምትደግመው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት የወለደችውን ልጅ እናቷ ያሳድጉላት ነበር። እናቷ ታመሙና ፈተና ሲቃረብ ሕፃኑን ይዛ መጣች። ክፍሏ ውስጥ ሌሎች ሦስት ተማሪዎች አሉ። ሕፃን ነውና ያለቅሳል። ጉዳዩ ቅዳሜ ለስብሰባ ቀረበ።

ሕፃኑን እኔ አዝዬው በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የክፍል ጓደኛዋ ማማሰያውን አንስታ፣ «ልጁን አልጠላሁትም። ግን እንቅልፍ የለኝም፤ ይህን ፈተና ከወደቅኩ ክፍያ የሚልክልኝ ሰው ከዚህ በኋላ አይልክልኝም» አለች። አከሎ ማማሰያውን ተቀበለችና ደገመች። «ልጄን እንደማትጠላው ትናገራለች። የምትፈራው መውደቅን ነው፤ ከወደቀች ሁለተኛ ዕድል የላትም።» «አዎ፣ እሱ ነው» አለች ጓደኛዋ። ሁለተኛዋም ተናገረች፣ አከሎ ደገመች። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ድምፅ ተሰጠ። ሕፃኑ ይውጣ የሚለው እጅ ክቡን ሞላው። የአከሎም እጅ ወጣ።

እጇን ብታወጣም የተሸነፈችው እሷ ናትና፣ በሕጉ መሠረት ውሳኔውን ያነበበችው እሷ ናት። ድምጿ አልተሰበረም። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ልጇን ከጀርባዬ ፈታች። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ናሎንጎ ከወንበሯ አልተነሳችም። ለውዙን አልነካችውም።

«ሁሉም በሕጉ ሄደ» አለች።

«ሄዷል» አልኳት።

«አጋምብዬ ኪ? አከሎ ምን አለች?»

ለማሰብ ሞከርኩ። ያለችው ሁሉ የሌሎቹ ነበር። የራሷን ያልጠየቀ ሕጋችን ነው፤ ማማሰያው ለጠየቀች ይሰጣል፣ እሷ አልጠየቀችም። አፍራ ይሁን፣ ደክሟት ይሁን አላውቅም። እኛም ንጹሕ ስብሰባ መራን ብለን ኮርተን ነበር።

እረፍት ሲሆን ናሎንጎ አከሎ ቤት ድረስ ሄደች። አከሎ በክብር ተቀበለቻት፣ ምግብ አቀረበችላት፤ ተመለሽ ስትላት ግን እንቢ አለች። «ያን ቀን የራሴም እጅ ወጥቷል። ከእነሱ ጋር መኖር እችላለሁ፤ ያንን እጄን ይዤ እዚያ አዳራሽ መግባት ግን አልችልም» አለቻት። ናሎንጎ ይህን ቃል በቃል ደገመችልኝ። የአከሎን ቃል የደገመላት ሰው ያን ቀን ተገኘ፤ ግን ዘግይቶ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተቀየረ። በማንኛውም ጉዳይ ከሁሉ በላይ የምትጎዳዋ ትጀምራለች፣ የሷ ቃል ተደግሞ «አዎ፣ እሱ ነው» ሳትል ሌላ ማንም አይናገርም። ምድር ቤት ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ግምጃ ቤትም አስለቀቅንና ልጅ ለያዘች ተማሪ የሚሆን ክፍል አደረግነው። የቦሎቄው ጆንያ መግቢያ ስላጣ ለሁለት ዓመት ያህል ከጆንያ ጋር ተኝቻለሁ። ነቀዙ ከሕፃን ልቅሶ ይሻላል አይባልም። በዚያ ክፍል እያሳደጉ የተመረቁ ልጆች አሉ፤ አንዷ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላት፣ ሳልፍ ሳትጠራኝ አትቀርም።

ናሎንጎ ጡረታ ወጥታ ማሳካ አጠገብ ወዳለው የማቶኬ ሙዝ ማሳዋ ስትገባ ያቺ አንድ ጥያቄ ለእኔ ተላለፈች።

የመጨረሻው ስብሰባ ባለፈው ዓመት ነበር። ሊቀመንበሯ የራሴ ሄለን ናት። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፤ ተመርጣ እንጂ በእኔ አልገባችም። የቀረበው ጉዳይ ያ ክፍል ነው። በዚያ ዓመት ባዶ ነበር። ብሬንዳ የምትባል ቀልደኛ ልጅ የማጥኛ ክፍል ይሁንልን አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ በጊዜ ይዘጋል፣ ልጆቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚያጠኑት።

ነገር ግን ከሳምንት በፊት ኪራቦ የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ክፍሌ በር ላይ መጥታ ቆማ ነበር። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ማርገዟን ቆማ ነገረችኝ። አባቷ አልሰሙም። «ጃጃ፣ እኔ ራሴ እስክናገር ለማንም» አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ያ ክፍል ከተወሰደ የአከሎን መንገድ እንደምትሄድ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር።

ሄለን ስብሰባውን ከፈተች። «በዚህ ጉዳይ ከሁላችን በላይ የምትጎዳው ማን ናት?»

«ማንም!» አለች ብሬንዳ። «ክፍሉ ባዶ ነው።»

ኪራቦ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ጫማዋን ታያለች። ያን ሁሉ ዓመት ያልሠራሁትን ሠራሁ፤ ማማሰያውን ስጡኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ጃጃ ነዋሪ አይደሉም፤ መናገር አይችሉም» አለች ሄለን። እጄን አላወረድኩም። ጠጋ ብላ በአማርኛ፣ «ቁጭ በይ እማማ፣ አታዋርጂኝ» አለችኝ። ቋንቋውን ማንም ባይሰማውም ቃናው ገባቸውና ሳቁ። ተናደድኩ። ትክክል እንደሆነች ደግሞ አውቃለሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ተቀመጥኩ። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት።

«አጋምብዬ ኪ?» አልኩ።

«ማን ናት ምን ያለችው?»

«ክፍሉ የሚያስፈልጋት።»

«የለችማ፣ ጃጃ!» አዳራሹ ሳቀ።

ሄለን አልሳቀችም። ማማሰያውን ለብሬንዳ ሰጠቻት። «ከሌለች አንቺ በሷ ቦታ ሆነሽ ተናገሪላት። ሕጉ የሷ መጀመሪያ ይደገም ነው የሚለው።»

ብሬንዳ ሆዷን ወደ ፊት ገፍታ፣ ማማሰያውን እንደ ሕፃን አቅፋ ተንጎራደደች። «እህቶቼ እዘኑልኝ! ምስኪን ነኝ! ልጄን አታስወጡብኝ!» ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

«እሱ ነው?» አለች ሄለን እንደ ወጉ።

«ማንን ነው የምትጠይቂው?» አለች አንዷ።

«አይደለም» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል መጣ። ኪራቦ ተነስታ ቆማለች። «እንደዚያ አልልም።»

ሳቁ እንደተቆረጠ ገመድ ቀረ። ብሬንዳ ማማሰያውን ከደረቷ አወረደችና በሁለት እጇ ሰጠቻት።

«እዘኑልኝ አልልም» አለች ኪራቦ። «የምፈልገው በሚቀጥለው ዓመት ፈተና ላይ መቀመጥ ነው። ክፍሉ ካለ እቀመጣለሁ፤ ከሌለ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ቤት አልተናገርኩም። ከዚህ በፊት የሰማችኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት።» ማማሰያውን መሬት አስነካችው።

«ብሬንዳ፣ ምን አለች?» አለች ሄለን።

ብሬንዳ ደገመች። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው «አዎ፣ እሱ ነው» ተባለች። ከዚያ ስለ ማጥኛው ተነጋገሩ፤ የምግብ አዳራሹ ከእራት በኋላ ይከፈት ተባለ። በድምፅ ክፍሉ እንደነበረ ይቆይ የሚለው አለፈ፤ ሁሉም እጅ ግን አይደለም። ውሳኔውን ብሬንዳ አነበበች።

ከሄለን ጋር በታክሲ ወደ እናቷ ቤት ስንወርድ ግማሽ መንገድ ላይ ዞራ አየችኝ።

«ታውቂ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የኔ አልነበረማ።»

«ዝም ብትልስ ኖሮ?»

ዝም ብትል ኖሮ፣ በሕጉ መሠረት፣ በትክክል እንሸነፍ ነበር።

ኪራቦ ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ቁልፌን ሳስረክብ እነሱ ከክፍሌ ቀጥሎ ነበሩ። ስብሰባው ግን ተዘግቷል፤ የሚሰጠው ማርክም የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሄለን ደወለችልኝ። ከጀርባዋ የሳህን ኳኳታ ይሰማል።

«እማማ፣ የኪራቦ ልጅ ጥርስ እያወጣች ነው፤ ስታለቅስ ምድር ቤቱ አልተኛም። ልጆቹ ተጣሉ።»

«ለዳይሬክተሩ ነገራችሁ?»

«በስልክ አቤት በሉ አለን። ብሬንዳ ናት ሁሉንም ወጥ ቤት የሰበሰበችን። ወንበር የለም፣ ቆመን ነው። ማማሰያውን ከድስቱ አውጥተን አጠብነው፤ ፖሾው ግን በደንብ አልለቀቀም።»

«ማን ጀመረች?»

«ኪራቦ።»

ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ምን አለች?»